የክሮስ ሞተር በስፖርት ኳድ ላይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ ምዕራብ አሸዋ ላይ ከሚነዱና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጋራዥ ከሚሠሩ አንባቢዎቻችን የደረሱን ጥያቄዎች ስለ አንድ ሥራ ናቸው፦ የክሮስ ሞተር ሳይክልን ሞተር አውጥቶ በባለ አራት ጎማ ስፖርት ኳድ ቴላዮ ላይ መግጠም።

ጥያቄ፦ «የ1987 ሆንዳ ቲአርኤክስ250አር ኳድ አለኝ፤ ሞተሩ ስለተበላ ቆሟል። አንድ ሰው የሲአር500 ሞተር ሊሸጥልኝ ነው። ይገጥማል? ልግዛው?» — ከላስ ቬጋስ

መልስ፦ ይገጥማል፤ ነገር ግን ሳይቆርጡና ሳይበይዱ አይሆንም። ቲአርኤክስ250አር ከ1986 እስከ 1989 የወጣ፣ 246 ሲሲ፣ ባለ ስድስት ማርሽ ኳድ ነው። ሲአር500 የተባለው የሆንዳ ክሮስ ሞተር ሳይክል ደግሞ 491 ሲሲ ነው፤ መጠኑ እጥፍ ሲሆን ማርሹ ግን አምስት ብቻ ነው። ሲሊንደሩ ረዥም ስለሆነ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ወደ ነዳጅ ታንኩ ይጠጋል፤ ሆዳሙ የጭስ ማውጫም ከመሪው ዘንግና ከራዲያተሩ ጋር ቦታ ይሻማል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የት እንደሚነዱት ይወስኑ። ክፍት አሸዋ ላይ ከሆነ ድካሙ የሚክስ ሥራ ነው። በዛፍ መካከል በጠባብ መንገድ ከሆነ አይግዙት፤ ጉልበቱን ሲታገሉ ይውላሉ። ያለዎትን 250 አሳድሰው ቢነዱ ይሻላል።

ከገዙ «ሞተር ብቻ» ብለው አይዋዋሉ። ሲዲአይ (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረው ሳጥን)፣ ኮይል፣ ማግኔት፣ ካርቡራተር፣ የአየር መሳቢያ ጎማ፣ የጋዝና የፍሪሲዮን ገመድ፣ የማስነሻ መርገጫ አብረው ይምጡ። የሲአር500 ምርት በ2001 ሞዴል ስላበቃ እነዚህን አንድ በአንድ ማሰባሰብ ኪስ ይጎዳል። ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት የፊቱን ስፕሮኬት (ካቴናው የሚዞርበትን ባለ ጥርስ ብረት) ሽፋን ፈትተው ከኋላው ያለውን ካርተር (የሞተሩን የታች ቅርፊት) በባትሪ መብራት ይመልከቱ፤ ካቴና በጥሶ የመታው ካርተር የሚሰነጠቀው እዚያ ነው።

ገጠማውን በካቴናው መስመር ይጀምሩ። ብዙ ሰው ሞተሩን ቴላዮው መሐል ላይ አስተካክሎ ካሰረ በኋላ ካቴናው ጠማማ ሆኖ ያገኘዋል። ትክክለኛው አካሄድ የተገላቢጦሽ ነው። የኋላውን ሾክ ይፍቱ፤ ስዊንግ አርሙና (የኋላውን አክሱል የሚይዘው ተንቀሳቃሽ ክንድ) አክሱሉ ቦታቸው ላይ ይሁኑ። የውስጥ ዕቃው የወጣለትን ትርፍ ካርተር፣ የማርሹን መውጫ ዘንግና ስፕሮኬቱን ብቻ አስቀርተው፣ በእንጨት ደግፈው ያስቀምጡት። ቀጥ ያለ ረዥም ብረት በኋላው ስፕሮኬት ገጽ ላይ አስደግፈው ወደ ፊት ይዩ፤ በሁለቱ ስፕሮኬቶች መስመር መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ። ለዚህ ሲባል ሞተሩ ከመሐል 10 ሚሊ ሜትር ቢሸሽ ምንም አይደለም።

ቀጥሎ የፊቱን ስፕሮኬት ወደ ስዊንግ አርሙ ማዞሪያ የቻሉትን ያህል ያስጠጉት። በራቀ ቁጥር ኳዱ በዘለለ ጊዜ ካቴናው ይበልጥ ይወጠራል፣ ይበልጥ ይላላል። ስዊንግ አርሙን ከፍና ዝቅ እያደረጉ የስፕሮኬቱ፣ የማዞሪያውና የአክሱሉ መሐል በአንድ መስመር የሚውሉበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ካቴናው ከሁሉ የሚወጠረው እዚያ ነው፤ እዚያም ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር መላላት ሊቀረው ይገባል። የሞተሩን ዘንበልታ በሞተር ሳይክሉ ላይ እንደነበረው ይጠብቁ፤ ካልሆነ የካርቡራተሩ ተንሳፋፊ ቤንዚኑን በትክክል አይዘጋም። የሲአር ካርተር ከኋላው የስዊንግ አርም ብሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ከኳዱ ብሎን ጋር በውፍረትም በስፋትም ካልገጠመ በብረት ቡሽ (ቀለበት) ያስተካክሉት፤ ይህም ካልሆነ ለብቻው መያዣ ይሥሩለት እንጂ ሳያስሩት አይተዉት።

መያዣዎቹን ነጥብ ነጥብ አድርገው ከበየዱ በኋላ ሙሉውን ሞተር ገጥመው፣ ማስነሻውን እስከ ታች ረግጠው፣ መሪውን ወደ ሁለቱም ጫፍ አዙረው፣ የጭስ ማውጫው ከማንኛውም ነገር ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር መራቁን ያረጋግጡ። የመጨረሻው ብየዳ ከዚያ በኋላ ነው፤ ለእሱም የሚነዱት ሞተር ወጥቶ ባዶው ካርተር ይመለስ። የብየዳ ኤሌክትሪክ በኩሽኔታ ውስጥ ካለፈ ኩሽኔታውን ያበላሸዋል፤ ሲዲአይንም ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ «ሲአር500 ገጠምኩ። የፊቱ የሞተር መያዣ ሁለት ጊዜ ተሰነጠቀ፤ ሁለቱንም ጊዜ የተሰነጠቀው ብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው ጎን ነው። የበየደው ሰው ጎበዝ ነው። ምን ይሁን?» — ከፊኒክስ

መልስ፦ በየጁን አይውቀሱ። ይህ ሞተር ንዝረቱን የሚያመጣጥን ዘንግ የለውም። ከጎን መሰንጠቁ ብረቱ እየታጠፈ መድከሙን ያሳያል። ሦስት ነገር ይመርምሩ።

አንደኛ፣ ቴስታታውን ከቴላዮው ጋር የሚያስረው የላይኛው መያዣ አለ? ብዙዎች ቦታ ስለጠበባቸው ይተዉታል። ያለ እሱ ሞተሩ በታች ብሎኖቹ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ የፊቱን መያዣ የሚሰብረውም ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ ብሎኑን ሲፈቱ ሞተሩ ከመያዣው ይሸሻል? ከሸሸ፣ ብሎኑ ሲጠብቅ መያዣውን አጥፎ ነበር ማለት ነው፤ መያዣው ሳይነዱት ገና ተወጥሯል። ክፍተቱን በስስ ሮንዴላ ይሙሉት፤ ብሎኑ በእጅ ተገፍቶ መግባት አለበት፣ በመዶሻ አይደለም። ሲያስሩ ሁሉንም በእጅ አስይዘው የኋላውን፣ ከዚያ የፊቱን፣ በመጨረሻ የላይኛውን ያጥብቁ።

ሦስተኛ፣ ወፍራም ላሜራ በስስ ቱቦ ላይ በድንገት የሚያልቅ ከሆነ ጫናው ሁሉ እዚያች ጠርዝ ላይ ይሰበሰባል። ላሜራውን ጫፉ እየሾለ እንዲሄድ ይቁረጡት፤ ቱቦውንም በሰፊው እንዲያቅፍ ያድርጉ። አሁን ያለውን ስንጥቅ በላዩ ላይ አይበይዱት። ጫፉን በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በስተው፣ ስንጥቁን እስከ ሥሩ ሞርደው ይበይዱ። በጎማ ማስቀመጥ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ አንስማማም። ጎማው ከላላ ካቴናው ሞተሩን ወደ ኋላ ስቦ መስመሩን ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ «ለቲአርኤክስ400ኢኤክስ ኳዴ የየትኛው ዓመት 450 ሞተር ልፈልግ?» — ከዳላስ

መልስ፦ ካርቡራተር ያለውን ሆንዳ ሲአርኤፍ450አር፣ ከ2002 እስከ 2008 ድረስ ያለውን። ከ2009 ጀምሮ ነዳጁ በኢንጀክሽን ስለሆነ ታንክ ውስጥ ፓምፕ፣ ሴንሰሮችና ሙሉ የሽቦ ጥቅል ይከተላሉ። በአዝራር መነሳት ከፈለግህ በ2005 የጀመረውን ሲአርኤፍ450ኤክስ ፈልግ፤ ማግኔቱም ለመብራት የሚሆን ኃይል ያመነጫል። የ2010 እና ከዚያ ወዲህ ያለውን ያማሃ ዋይዜድ450ኤፍ ተወው። ቴስታታው ተገልብጦ አየር ከፊት ይስባል፣ ጭሱ በኋላ ይወጣል፤ ኳድ ላይ ይህ ማለት የጋለ ቱቦ በታንክና በመቀመጫ ሥር ማለት ነው። አንድ ነገር አትርሳ፦ በእነዚህ የሆንዳ 450 ሞተሮች የሞተሩና የማርሹ ዘይት የተለያየ ነው፤ አንዱን ሞልተህ ሌላውን ከረሳህ ማርሹ ደርቆ ይሠራል። የኋላ ማርሽ ደግሞ አይኖርህም።

ጥያቄ፦ «ሲአርኤፍ450 በኳዴ ላይ ሠራ፤ ነገር ግን በየማርሹ ቶሎ ይጮኻል፣ ፍሪሲዮኑም በአሸዋ ዳገት ላይ ይንሸራተታል። የፊት ስፕሮኬቱ 13፣ የኋላው 48 ጥርስ ነው፤ ከሞተር ሳይክሉ እንዳለ የመጣ ነው።» — ከኦክላሆማ

መልስ፦ ችግሩ እንዳለ መምጣቱ ነው። የሞተር ሳይክሉ 110/90-19 የኋላ ጎማ ቁመቱ 68 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የስፖርት ኳድ የተለመደ የኋላ ጎማ 20 ኢንች፣ ማለትም 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 51 ለ68 ሲካፈል 0.75 ይሆናል፤ ትንሿ ጎማ በአንድ ዙር የምትሄደው የትልቋን ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። የእርስዎ 48 ለ13 ሲካፈል 3.69 ነው። ይህን በ0.75 ሲያባዙ 2.77 ይመጣል። ከፊት 14 ከኋላ 39 ወደዚሁ ይጠጋል።

ነገር ግን በዚያ አይቁሙ። ሞተር ሳይክሉ 100 ኪሎ አካባቢ ሲሆን ኳዱ ከ150 ይበልጣል፤ ሰፊ ጎማውም አሸዋ ውስጥ ይጎተታል። ስለዚህ ትንሽ ወደ ጉልበት እናዘንብላለን፦ ከፊት 14፣ ከኋላ 40 ወይም 42። መቅዘፊያ ያለው የአሸዋ ጎማ ከሆነ 42ቱን ይምረጡ። አሁን ካለዎት በማንኛውም ማርሽ ፈጠን ብሎ ይሄዳል፤ መጮኹም ይቀንሳል።

ፍሪሲዮኑ ግን በስፕሮኬት አይድንም፤ እንዲያውም ጫናው ይጨምርበታል። ለ100 ኪሎ የተሠራ ነው። መጀመሪያ ገመዱ በመሪው ላይ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ነጻ እንቅስቃሴ እንዳለው ይዩ፤ ኳድ ላይ ገመዱ ሌላ መንገድ ስለሚዞር መሪው ሲታጠፍ ራሱ ፍሪሲዮኑን ይስባል። ይህ ደህና ከሆነ ጠንካራ ሞላዎችና አዲስ ዲስኮች ይግጠሙ፤ ብረቶቹም ሰማያዊ ሆነው ከሆነ አብረው ይቀየሩ። የማርሽ ዘይቱ ለዘይት ውስጥ ፍሪሲዮን የተፈቀደ ይሁን፤ የመኪና ቆጣቢ ዘይት ያንሸራትተዋል።

ጥያቄ፦ «ባለ ሁለት ምት 250 ሞተር ገጥሜ እዚህ ቤቴ ደጃፍ አስተካከልኩት፤ እንደ ሰዓት ይሠራል። በወሩ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ግላሚስ አሸዋ እንሄዳለን። የምቀይረው ነገር አለ?» — ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ

መልስ፦ አለ፤ ሳይቀይሩ ከሄዱ ፒስተኑን ሊያቀልጡ ይችላሉ። አውሮራ ከባሕር ወለል ከ1600 ሜትር በላይ ነው፤ ግላሚስ ግን ከባሕር ወለል ብዙም አይርቅም። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንሽ ጄት (በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ብረት) ይበቃል። ቆላ ሲወርዱ በዚያው ጄት የሚገባው አየር ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው፤ ቤንዚን ሲያንሰው ሙቀት ይጨምርበታል፣ ቅባትም ይቀንስበታል። ረዥም አሸዋ ላይ ጋዝ እስከ መጨረሻው ተይዞ ሲኬድ ጥፋቱ ጊዜ አይወስድም።

ካርቡራተሩ ኬይሂን ከሆነና ዋናው ጄት አሁን 170 ከሆነ፣ እዚያ ሲደርሱ በ178 ይጀምሩ። መርፌውን አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉ፤ የዝቅተኛውን ዙር ጄትም በአንድ ቁጥር ያሳድጉ። ከዚያ በካንዴላ ይመርምሩ፦ አዲስ ካንዴላ ገጥመው፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ጋዙን ሙሉ ይዘው ይሂዱ፤ ፍሪሲዮን ይዘው በዚያው ቅጽበት ሞተሩን ያጥፉት። ካንዴላውን ፈትተው የነጩን ሸክላ ሥር ይዩ። ቡናማ ቀለበት ካለ ደህና ነው። ነጭ ከሆነ ወይም ብልጭ የሚሉ የአልሙኒየም ነጥቦች ካሉ ወዲያው ትልቅ ጄት ይግጠሙ፤ አንድም ጊዜ አይድገሙት። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ትንሽ ይቀንሱ። ስሕተት ካልቀረ ወደ ቤንዚን መብዛት ይሳሳቱ።

ድብልቁ 32 ለ1 ከሆነ በአንድ የአሜሪካ ጋሎን 118 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። የአየር ማጣሪያውንም በዘይት ነክረው ይሂዱ፤ ትርፍ ማጣሪያ በላስቲክ ይያዙ። በዚያ አሸዋ ላይ ባንዲራው ከመሬት ቢያንስ 8 ጫማ ከፍ ብሎ መታየቱም ግዴታ ነው፤ ከአሸዋ ክምር ወዲያ ማዶ የሚመጣው ሰው የሚያየው እሱን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ «ኳድ በሚያከራይ ጋራዥ እሠራለሁ። የክሮስ 450 ሞተር የገጠምንበት ኳድ አሸዋ ላይ ቶሎ ይፈላል። ራዲያተሮቹ የራሱ የሞተር ሳይክሉ ናቸው።» — ከሻርጃ

መልስ፦ እነዚያ ሁለት ትንንሽ ራዲያተሮች የሚሠሩት ሞተር ሳይክሉ ሲሮጥ በሚያገኙት ነፋስ ነው። የኳድ ሰፊ ራዲያተር ከነማራገቢያው ግጠሙ። የላይኛው ጫፉ ከቴስታታው ከፍ ይበል፤ ዝቅ ካለ አየር ቴስታታው ውስጥ ይታሰራል፣ ውሃ ሞልቶም ይፈላል። ስትሞሉ የፊት ጎማዎቹን ከፍ አድርጋችሁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ አረፋው እስኪያልቅ አስነሱት። ክዳኑ 1.1 ባር የሚይዝ ይሁን፤ በዚያ ግፊት ንጹሕ ውሃ እንኳ የሚፈላው 120 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ይህን ሁሉ ያሳጣል። የጋለው አየር ከራዲያተሩ በስተኋላ መውጫ እንዳለውም እዩ።

ማራገቢያው ከ5 እስከ 8 አምፔር ይፈልጋል። የውድድር ሞተር ማግኔት ግን የሚያመነጨው ለካንዴላው የሚበቃውን ያህል ነው። ስለዚህ የማግኔቱ የሽቦ ጥቅል ለመብራት የሚሆን ኃይል እንዲያመነጭ እንደገና ይጠቅለል፤ ከሬክቲፋየር (ኤሌክትሪኩን ለባትሪ እንዲሆን ከሚያቀናው ዕቃ) እና ከትንሽ ባትሪ ጋር ይያያዝ። የጥቅሉ አንድ ጫፍ ከሞተሩ አካል ጋር ተያይዞ ከሆነ ፍቱትና ሁለቱም ጫፎች ወደ ሬክቲፋየሩ ይሂዱ፤ አለበለዚያ የኃይሉ ግማሽ ይባክናል። ማራገቢያውን በሪሌይና በ15 አምፔር ፊውዝ አስኬዱት። ኳዱ ለደንበኛ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ነጂው ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋ፣ በእጅ አንጓ የሚታሰር ገመድ ሳይገጠምለት ከጋራዥ አይውጣ።

ጥያቄ፦ «ርካሽ ሞተር አገኘሁ፤ ቁጥሩ ግን ተፍቋል።» — ከሳን ዲዬጎ

መልስ፦ አይግዙት። ቁጥሩ የተፋቀ ሞተር የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ ፖሊስ ካገኘው ሞተሩንም የደከሙበትን ኳድም ሊይዝብዎ ይችላል። ቁጥር ያለው ሲያገኙም በሻጩ የተፈረመ ደረሰኝ ይቀበሉና ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። በካሊፎርኒያ ከ1986 ወዲህ የተሠራ ከመንገድ ውጭ የሚነዳ ተሽከርካሪ ድምፁ ከ96 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም፤ ስለዚህ የውድድር ማርሚታ ከሞተሩ ጋር ቢሰጡዎትም ብልጭታ መያዣ ያለውን ጸጥተኛውን ይግዙ።