የአእምሮ ሐኪሟና የጠበሉ ጥያቄ

ጥያቄ፦ በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ስለምትሠለጥን ሐኪም አጭር ልቦለድ እየጻፍሁ ነው። ልጃቸውን ከጠበል ያመጡ እናት ሲገጥሟት ምን ብትል እውነት ይመስላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም. ወደተጀመረው የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ስፔሻሊቲ ሥልጠና የሚገቡት በጠቅላላ ሕክምና የተመረቁ ሐኪሞች ስለሆኑ፣ ባለታሪክዎ መድኃኒት ማዘዝ አይቸግራትም፤ የሚከብዳት ማዳመጡ ነው። እናትየዋ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ልጃቸው መዋጥ ያቆመውን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን የሃሎፔሪዶል ኪኒን ሲያሳዩዋት፣ «ጠበሉን ይተዉ» ብላ ከጀመረች ሁለቱንም ዳግም ላታያቸው ትችላለች፤ ይህን ስሕተት በብዙ ድርሰቶች እያየሁ አዝናለሁ። ይልቅ ልጁ ኪኒኑን ለምን እንዳቆመ ትጠይቅ። ይህ መድኃኒት አንዳንዱን ሰው አንገቱን ይገትረዋል፣ እግሩንም አላስቀምጥ ይለዋል፤ መጠኑን ማስተካከል ደግሞ የእርሷ ሥራ ነው። ከዚያም «እማማ፣ ጠበሉን አልከለክልዎትም፤ ኪኒኑን ግን አያቋርጥ» ትበላቸው።