ክረምት አልዘጋ፣ በጋ ነፋስ አላስቆም ያለ የድሮ መስኮት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ከአባታችን የወረስነው፣ ጣሊያን የሠራው ቤት አለን። የፊት ለፊቱ አራት የእንጨት መስኮቶች አስቸግረውኛል። ክረምት ሲገባ አይዘጉም። በጋ ላይ ደግሞ በስንጥቃቸው ነፋስ ይገባል። የመዝጊያዎቹ የታችኛው እንጨት በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። መስታወቱን የያዘው ስቱኮም ረግፏል። ታናሽ ወንድሜ ሁሉንም አውጥተን አልሙኒየም እናስገባ ይላል። እኔ ግን አንጀቴ እምቢ አለ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ሁሉ ደግሞ ሽቅብ እየተገፋ ስለሚከፈት መስኮት ነው። ለኛ ይሆናል? ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ እንዳታስወጪው። እንዳልሽው ከሆነ የተጎዳው የመዝጊያው የታችኛው እንጨት ነው። የቀረው ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ለአንድ መዳፍ ብስባሽ ሲባል ሙሉ መስኮት ሲጣል ሳይ ያመኛል።

በቅድሚያ ስላየሽው ነገር። ሽቅብ ቁልቁል የሚንሸራተተው እንግሊዞች ዘንድ የተለመደው ዓይነት ነው። መቃኑ ውስጥ በተደበቀ ክብደትና በገመድ ተንጠልጥሎ ይሠራል። ያንቺ እንደ በር በማጠፊያ የሚከፈት ነው። ስለዚህ ስለ ገመዱና ስለ ክብደቱ የተባለውን ተዪው። ስለ ብስባሹ፣ ስለ ስቱኮውና ስለ ቀለሙ የሚሠራው ሥራ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ጣሊያን ጎንደር የቆየው ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ነው። መስኮትሽ እንግዲህ ከ80 በላይ ክረምት አሳልፏል። ይህን ያህል ዝናብ የቻለ እንጨት አሁን ከበሰበሰ፣ የሆነ ጊዜ ላይ ውሃ መግቢያ አግኝቷል ማለት ነው። እንጨትን የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው፤ ፈንገስ ደግሞ ያለ እርጥበት አይኖርም። የውሃው መንገድ ሳይዘጋ አዲስ እንጨት ብትቀጥይበት፣ አዲሱም ከጥቂት ክረምት በኋላ ያው ነው። ለዚህ ነው አናጺ ከመጥራትሽ በፊት ውሃውን ፈልጊ የምልሽ።

ከላይ ጀምሪ። የጣሪያው አሸንዳ ተበስቶ ወይም በቅጠል ተደፍኖ መስኮቱ ላይ ያንጠባጥብ እንደሆን እዪ። ቀጥሎ ደፉን፣ ማለትም ከመዝጊያው ሥር ያለውን የመስኮቱን የታችኛውን አግዳሚ። ደፉ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት። ከደፉ ሥር ደግሞ፣ ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ዳር እስከ ዳር የሄደ ቀጭን ቦይ አለ። ብዙ ሰው አያውቀውም። ውሃ ከደፉ ጫፍ ሲወርድ ተመልሶ በሥሩ ወደ ግድግዳው ይሳባል። ያ ቦይ ሲያጋጥመው ግን ይቆረጥና ወደ መሬት ይንጠባጠባል። በየዓመቱ ቀለም ሲቀባ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ሲለሰን፣ ቦዩ ይደፈናል። እኔ ብስባሽ መስኮት ባየሁበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ እጄን የምሰደው እዚያ ነው። በምስማር ጫፍ ጠርገሽ ክፈቺው። ጭራሹን ከሌለ አናጺው ወደ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያውጣልሽ።

የመዝጊያው የታችኛው እንጨት ላይም በውጭ በኩል ወጣ ያለ፣ ውሃውን ወደ ፊት የሚጥል ጠርዝ መኖር አለበት። በአንዳንድ ቤት ወድቆ ቀርቷል። ከጎደለ ይሠራ።

ጥርጣሬ ካለሽ ቀላል መፈተኛ አለ። መስኮቱን ዝጊ። አንድ ሰው ከውጭ በጆግ ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ውሃ ያፍስስ። አንቺ ከውስጥ በደረቅ ወረቀት ዙሪያውን እየነካሽ ተከታተዪ። ወረቀቱ የረጠበበት ቦታ መግቢያው ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ። ስለታም ጠመንጃ መፍቻ ወይም ወስፌ ያዢ። ማዕዘኖቹን፣ የታችኛውን እንጨትና የመቃኑን እግር በየጣት ርቀት ውጊ። ጤነኛ እንጨት ይገፋሻል። የበሰበሰው ይውጠዋል። የብስባሹን ዳር በእርሳስ አስምሪ። ቀለሙ ደህና ስለመሰለ አትለፊው፤ ቀለም ከሥሩ ባዶ ሆኖም መልኩን ይዞ ይቆያል። እግረ መንገድሽን የጭቃ መስመር ካየሽ ምስጥ ነው። እሱ ከግድግዳው ስለሚመጣ መጀመሪያ የምስጥ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ይየው።

ክረምት ላይ አልዘጋ ስለሚለው ልንገርሽ። እዚህ ላይ ነው ብዙ መስኮት የሚገደለው። ክረምት ላይ እንጨት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል። መዝጊያው ሲጣበቅ ሰው መላጊያ ያነሳና ይልገዋል። ወዲያው ይዘጋል፤ ደስ ይላል። ኅዳር ሲገባ እንጨቱ ይደርቅና ይሸሻል። የተላገውም ስለሌለ ስንጥቁ ይሰፋል። አንቺ በጋ ላይ ነፋስ የሚገባው ካልሽው ጋር ሳገናኘው፣ መስኮቶችሽ ከዚህ በፊት በክረምት የተላጉ ይመስለኛል። ዳግመኛ በክረምት አታስልጊ።

መላጊያ የመጨረሻው ነገር ነው። ከሱ በፊት ማጠፊያዎቹን እዪ። ብሎኖቹ ላልተው ከሆነ መዝጊያው በራሱ ክብደት ይዘምና ደፉን ይቦርሻል። ያኔ ወፍራም ብሎን አትፈልጊ። የሰፋውን ቀዳዳ በወይራ ሽብልቅ ከኮላ ጋር ድፈኝና ሲደርቅ ያንኑ ብሎን መልሺ። ቀጥሎ መዝጊያውን ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ለኪ። ሁለቱ ልኬት ካልተካከለ መገጣጠሚያው ተከፍቷል። ይህን አናጺው በማጥበቂያ ስቦ፣ በኮላና በእንጨት ችንካር ያስረው። ከዚያ ደግሞ ቀለሙ አለ። በየዓመቱ የተደረበ ቀለም በሁለቱም በኩል ሲደመር ብቻውን መስኮት ያስጣብቃል። ጠርዙን ብትጠርጊው ብዙ ጊዜ መላጊያ ሳይነካው ይዘጋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ካስቸገረ፣ በበጋ፣ ዙሪያውን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት እንዲኖረው ይላግ። ቀለሙ የሚይዘውን ቦታ አትርሺ።

ብስባሹ እንዴት ይጠገናል? አንዳንድ ባለሙያ ፈርፍሮ ያወጣና ስቱኮ ይሞላበታል። ከባሰም ሲሚንቶ። እባክሽ አትፍቀጂ። ስቱኮና ሲሚንቶ እንደ እንጨት አያብጡም፣ አይሸሹም። ባንድ ዓመት ዳሩ ይላቀቅና ውሃ የሚቋጥር ጉድጓድ ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ ቅጣይ ነው። ብስባሹ ተቆርጦ ይወጣል። ከመስመሩ አልፎ ጤነኛው እንጨት ውስጥ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይገባል። ቆረጣው በሰያፍ ይሁን። በሰያፍ ሲሆን ኮላው የሚይዘው ቦታ ይሰፋል። ሰያፉ ደግሞ ወደ ውጭ ዘቅዝቆ ውሃውን ያስወርድ፤ ወደ ውስጥ ካጋደለ ውሃ ይጠጣል። የአዲሱ እንጨት ጭረት ከአሮጌው ጭረት ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሂድ። ተራው ነጭ ኮላ ውጭ ላለ ሥራ አይሆንም። ውሃ የሚችል ኮላ ወይም ሁለቱ ተደባልቀው የሚጠነክሩትን ኢፖክሲ ጠይቂ።

እንጨቱን አስቀድመሽ ለዪ። ከማይታይ ቦታ ትንሽ ሲፋቅ ቀላ ብሎ ደስ የሚል ሽታ ከሰጠ ጥድ ነው። ነጣ ያለ ቢጫና ሽታ የለሽ ከሆነ ዝግባ ሊሆን ይችላል። ጥድ ብስባሽንም ምስጥንም በደንብ ይቋቋማል። ዝግባ ለመላግ የተመቸ ቆንጆ እንጨት ነው፤ ውጭ ዝናብ ላይ ግን ካልተጠበቀ ቶሎ ይሸነፋል። እርጥብ ባሕር ዛፍ በፍጹም አይግባበት፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ጥድና ዝግባ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ሕግ የሚጠብቃቸው ዛፎች ናቸው። ስለዚህ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ በር ወይም ወራጅ ፈልጊ። ለቅጣይ የሚበቃሽ ትንሽ ነው። አሮጌ እንጨት ደግሞ መጣመሙን ጨርሷል፤ ለዚህ ሥራ እኔ ከአዲሱ አስበልጠዋለሁ።

መስታወቱን አደራ። ትኩር ብለሽ ብታዪው ትንሽ ሞገድ ካለው የድሮ ነው፤ ዛሬ እንደዚያ ዓይነት በቀላሉ አይገኝም። የቀረውን ስቱኮ በአሮጌ መሮ ቀስ ብለሽ ከእንጨቱ በኩል አንሺ፤ መስታወቱ ላይ አትደገፊ። ጓንትና መነጽር አድርጊ። ባዶውን ቦታ ጠርገሽ መጀመሪያ የተልባ ዘይት ቀቢው። ይህ ካልሆነ ደረቁ እንጨት የስቱኮውን ዘይት ይመጥና ስቱኮው ቶሎ ይሰነጠቃል።

የመስታወት ስቱኮ ድሮም ዛሬም ሁለት ነገር ነው፤ የተልባ ዘይትና የነጭ ኖራ ድንጋይ ዱቄት። ዱቄቱ ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል፤ የቀለም ግብዓት የሚሸጡ ሰዎች ያውቁታል። በክብደት ለአንድ እጅ ዘይት አምስት እጅ ዱቄት አድርገሽ፣ ዱቄቱን ጥቂት በጥቂት እየጨመርሽ አሺው። ከእጅሽ ሳይጣበቅ እንደ ሊጥ ሲተጣጠፍ ደርሷል። ለግድግዳ የሚሸጠውን ስቱኮ እዚህ አታስገቢ፤ ያ ውሃ ይጠጣል። መጀመሪያ ከመስታወቱ ሥር ስስ አድርገሽ ደልድዪ። መስታወቱን ቀስ ብለሽ ጫኚው። በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ራስ የሌለው ትንሽ ምስማር ያዢበት። ከዚያ የላይኛውን ስቱኮ ውሃ በሚያወርድ ሰያፍ ጥረጊው። ላዩ እስኪቆረፍድ አንድ ሁለት ሳምንት ታገሺ። ቀለም ሲቀባ ቀለሙ መስታወቱ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ይረፍ። በስቱኮውና በመስታወቱ መካከል ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋው ያቺ ስስ መስመር ናት። ሲሊኮን ይቀላል የሚልሽ ይኖራል። ሲሊኮን ግን ቀለም አይይዝም፤ መስታወት ለመቀየር በፈለግሽ ቀንም በቀላሉ አይለቅም።

ስለ ቀለም አንድ ከባድ ነገር አለ። የድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። አቧራው ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር በጣም አደገኛ ነው። ስለዚህ በደረቁ አታሺው፣ በእሳትም አታቃጥዪው። ውሃ እየረጨሽ ፋቂ። ከሥሩ ላስቲክ አንጥፊ። አፍንጫና አፍሽን ሸፍኚ። ልጆች ሌላ ቤት ይዋሉ። ፍርፋሪው ከነላስቲኩ ታስሮ ይወገድ፤ ጓሮ እንዳይደፋ። ደግሞም ሁሉንም መላጥ የለብሽም። የተላቀቀውን ብቻ አንሺ፤ የያዘው ይቆይ። ከዚያ አንድ ጊዜ መነሻ ቀለም፣ ሁለት ጊዜ የዘይት ቀለም። ቀቢዎች ሁልጊዜ የሚረሱት የመዝጊያውን የታችኛውን ጠርዝ ነው፤ ስለማይታይ። ያንቺ መስኮት የበሰበሰው ከዚያው ነው። መዝጊያው ሳይሰቀል ያ ጠርዝ ከሁሉ በፊት ይቀባ።

ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። መስከረም ላይ ዝናቡ ቢያቆምም እንጨቱ ገና አልደረቀም፤ እርጥብ እንጨት ላይ ኮላም ቀለምም አይይዝም። አንድ መስኮት እየጨረሽ ወደ ሌላው እለፊ። ኅዳር ላይ ከጀመርሽ ለጥምቀት እንግዳ ሳይመጣ ቢያንስ የሳሎኑ ይደርሳል። የውጭ የእንጨት መከለያ ካላቸው እሱን አስቀድሚ፤ ዝናቡን የሚቀበለው እሱ ነው።

ወንድምሽ ክፉ አላሰበም። አልሙኒየም አይበሰብስም፣ ቀለምም አይፈልግም። ግን ብርዱን ያስተላልፋል፤ የጎንደርን ሌሊት ታውቂዋለሽ። ለመግጠም ደግሞ አሮጌው መቃን ከድንጋዩ ግድግዳ ይነቀላል፤ ልስኑ ይፈርሳል፣ አንዳንዴ ድንጋዩም ይላቀቃል። ከተበላሸ ደግሞ ቅጣይ የሚባል ነገር የለውም። ቤታችሁ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነም ከመንካታችሁ በፊት ከከተማው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ጠይቁ። የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይቀየርም። የጓሮው የወጥ ቤት መስኮት ሙሉ በሙሉ ካለቀለት ግን እዚያ ላይ ወንድምሽን እሺ በዪው።

አናጺ ስትይዢ ዋጋ ከመነጋገርሽ በፊት ቅጣዩን የት ቆርጦ፣ በምን እንጨት፣ በምን ኮላ እንደሚሠራ ይንገርሽ። «ስቱኮ እሞላዋለሁ» ካለሽ ሌላ ፈልጊ። መጀመሪያ በጣም የተጎዳውን አንዱን ብቻ ስጪው። አይተሽ ከወደድሽው ሦስቱን ጨምሪለት።

በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ደግሞ ጨብጠሽ ጥግ እንዳትጥዪ። ሲደርቅ በራሱ ይሞቅና ያለ ክብሪት እሳት ይነሳል። ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው፣ ወይም ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ንከሪው።