ስለ ጆርጅ ኢን የእንጨት በረንዳ

ወንድሜ፣ «ለንደን ሳውዝዋርክ ያለው ጆርጅ ኢን ፎቅ ላይ ያን ረጅም የእንጨት በረንዳ ምን ያደርግለታል? ለምንስ በአንድ ጎን ብቻ ሆነ?» ብለህ ነበር።

በረንዳው ለጌጥ አይደለም፣ ኮሪደር ነው። ቤቱ ዛሬ መጠጥ ቤት ቢሆንም ድሮ የሠረገላ መንገደኞች ማደሪያ ነበር። ሠረገላው ግቢው ውስጥ ገብቶ ይቆማል፤ እንግዳው ደረጃውን ወጥቶ በበረንዳው በኩል ወደ መኝታው ይሄዳል። ግቢው መሃል ቆመህ ቀና በል፦ አንዱ በረንዳ በሌላው ላይ ተደርቧል፣ ከኋላ የክፍሎቹ በርና መስኮት ይታያል። በሼክስፒር ዘመን እንዲህ ባሉ ማደሪያዎች ግቢ ውስጥ ቲያትር ይታይ ነበር። በረንዳው የባለገንዘብ ቦታ ነበር በለው!

ግን የአሁኑ ቤት የዚያ ዘመን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1676 ሳውዝዋርክ ተቃጥሎ በ1677 እንደገና የተሠራ ነው። ብዙዎች ከ1666ቱ የለንደን ቃጠሎ ጋር ያምታቱታል።

አንድ ጎን ብቻ የቀረው በባቡር ምክንያት ነው። በ1889 የባቡር ኩባንያ ሌሎቹን ክንፎች አፈረሳቸው፤ የደቡቡ ብቻ ተረፈ። እኔን እስካሁን ያንገበግበኛል። ከ1937 ጀምሮ ባለቤቱ ናሽናል ትረስት የሚባለው የታሪካዊ ቅርሶች ጠባቂ ድርጅት ነው።