ቻነል አይላንድስን ከእናትሽና ከልጆችሽ ጋር ለማየት

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። እናትሽ ከአዲስ አበባ መጥተዋል፣ ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል፣ ሁለት ልጆች አሉ፣ ከሎስ አንጀለስ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ደሴት ማየት ፈልጋችኋል። «ቻነል አይላንድስ ፓርክ የሚባለው ካታሊና ነው ወይ? ካልሆነስ የትኛው ደሴት ይሻለናል?» ነው ያልሽው። ከቤተሰብም ከጓደኛም ጋር ደጋግሜ ስለሄድኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

ካታሊና ፓርኩ ውስጥ የለችም። እሷ ከተማ አላት፣ ሆቴልና ምግብ ቤት አላት። ብሔራዊ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመ ሲሆን አምስት ደሴቶች አሉት፦ አናካፓ፣ ሳንታ ክሩዝ፣ ሳንታ ሮዛ፣ ሳን ሚጌልና ሳንታ ባርባራ። እዚያ ሱቅ የለም፣ ካፌ የለም፣ መኪና የለም። ሐሳብሽ እማማ ባሕር ዳር ተቀምጠው ማኪያቶ እንዲጠጡ ከሆነ ካታሊና ውሰጃቸው፣ እውነቴን ነው።

ተፈጥሮ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ሳንታ ክሩዝ ሂዱ፣ ስኮርፒዮን በሚባለው በኩል። ብዙ ሰው አናካፓን የሚመርጠው ቅርብ ስለሆነችና ፎቶዋ ስለሚያምር ነው። ለእናንተ አትሆንም። ከጀልባው ወርደሽ ላይ ለመድረስ 157 ደረጃ አለ። ጥላ የለም፣ የሚጠጣ ውሃም የለም። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ደግሞ የባሕር ወፎች ጫጩት የሚፈለፍሉበት ጊዜ ስለሆነ ጩኸቱም ሽታውም አይጣል ነው።

ስኮርፒዮን የቧንቧ ውሃ አለ፣ የምግብ ጠረጴዛ አለ፣ ሜዳ ሜዳውን የሚሄድ መንገድ አለ። ጥላው ምን እንደሆነ ገምቺ፦ ባሕር ዛፍ! እናትሽ ሽታውን ገና ከሩቁ ነው የሚያውቁት። እሳቸው ከአንድ ሰው ጋር እዚያ አረፍ ይበሉ፣ እናንተ ከልጆቹ ጋር ካቨርን ፖይንት ውጡ። ዞሮ መመለሻው 2 ማይል አካባቢ ነው። መጀመሪያው ዳገት ነው፣ ከላይ ግን ገደሉና ባሕሩ አፍ ያስከፍታል። ልጆቹ ጠንካራ ከሆኑ ፖቴቶ ሃርበር አለ፣ ደርሶ መልስ 5 ማይል ገደማ። ገደሉ ጫፍ ላይ አጥር ስለሌለ የትንሹን እጅ አትልቀቂ።

አሁን ወደ ጀልባው። የሚነሳው ከቬንቹራ ወደብ ነው፣ ድርጅቱ አይላንድ ፓከርስ ይባላል። ወደ ፓርኩ መግቢያ ክፍያ የለም፣ የምትከፍሉት ለጀልባው ነው። በጋ ላይ ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀድመሽ ያዢ። ስትይዢ የእናትሽን ጉልበት ንገሪያቸውና በዚያ ሰሞን ከጀልባ መውረጃው እንዴት እንደሆነ ጠይቂ። ከባድ ከመሰለሽ ሌላ መላ አለ፦ ደሴት ላይ ሳያወርድ ዞሮ የሚመለስ ጉዞም አላቸው። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ግራጫ ዓሣ ነባሪ ይታያል፣ በጋ ላይ ሰማያዊውና ሃምፕባክ የሚባለው። ዶልፊን ደግሞ በየትኛውም ወቅት ሊያጋጥም ይችላል።

መንገዱ ከ1 ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ባሕሩ ሲነሳ ያቅለሸልሻል፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ ስትመለሱ ነፋሱ ይበረታል። ድራማሚን የሚባለውን የማቅለሽለሽ ክኒን ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጡ፣ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ለልጆቹና ለእናትሽ ግን መጀመሪያ ፋርማሲ ጠይቂ፣ በተለይ ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ። ኋላ በኩል ቁጭ በሉ፣ ስልክ ላይ አታፍጥጡ፣ ሩቅ ሩቅ እዩ። ጀልባው በሐበሻ ቀጠሮ አይሠራም፣ ሰው ቀረ ብሎም አይጠብቅም፤ የሀይዌይ 101ን መጨናነቅ አስበሽ ተነሺ።

ምግብ በሙሉ ከቤት ነው። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ፍራፍሬ፣ እንቁላል፣ ጾም ከሆነ ሽሮ ፍትፍት በዕቃ። ቡና እዚያ አፈላለሁ ብለሽ ከሰል እንዳትይዢ፣ እሳት ክልክል ነው። በፔርሙዝ ያዢ። ቆሻሻ መጣያ ስለሌለ ፌስታል ይዛችሁ ሁሉንም ትመልሳላችሁ።

ቦርሳ ክፍት ትታችሁ አትሂዱ። ቁራዎቹ ዚፕ ይከፍታሉ፣ ቀበሮዎቹም አያፍሩም። ቀበሮዋ የቤት ድመት ታክላለች፣ ከእነዚህ የካሊፎርኒያ ደሴቶች ውጪ የትም የለችም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ልትጠፋ ነበር፤ ሳንታ ክሩዝ ላይ ከ100 በታች ወርደው ነበር። ነገሩ የተጠላለፈ ነው። ዲዲቲ የሚባለው የተባይ መርዝ ዓሣ የሚበሉትን ነባር ንስሮች ጨረሰ። በእነሱ ቦታ፣ ደሴቱ ላይ የተለቀቁትን አሳማዎች ፈልገው ወርቃማ ንስሮች መጡ። እነሱ ደግሞ ቀበሮውን መልቀም ያዙ። ፓርኩ አሳማውን አስወግዶ፣ ወርቃማውን ንስር ወደ ዋናው ምድር አዛውሮ፣ ነባሩን መልሶ፣ ቀበሮዎቹን በአጥር ውስጥ አራባ። እ.ኤ.አ. በ2004 አደጋ ላይ ካሉ እንስሳት መዝገብ ገብተው በ2016 ወጡ። ይህን ለልጆቹ ጀልባው ላይ ንገሪያቸው፣ ስታዩዋት ሌላ ነገር ትሆንባቸዋለች። ምግብ ግን እንዳይሰጧት።

ልብስ ደራርቡ። ግንቦትና ሰኔ ጭጋግ ይበዛል፤ እኔ መስከረምና ጥቅምትን እመርጣለሁ፣ ባሕሩ ረጋ ይላል። ስልክ እንደማይሠራ ቁጠሩት።

ነፋስ ከበረታ ጉዞው ሊሰረዝ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ወዲያው ወደ ቤት አትመለሱ። እዚያው ቬንቹራ ወደብ የፓርኩ የጎብኚዎች ማዕከል አለ፣ በነፃ ነው። ደሴቶቹ ላይ ይኖር የነበረውን ድንክ ማሞዝ (የጠፋ የዝሆን ዘመድ ነው) አጥንት ቅጂ ያሳያሉ፤ ልጆቹ ከዚያ ንቅንቅ አይሉልሽም።