ድምፅ ሲጠፋ ጥፋቱ የማን ነው? ሞጁላር ገዝቼ ልማርበት ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህ «ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ ሲንተሲስ መማር ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ፣ 1,000 ዶላር ገደማ ይዣለሁ፤ ሞጁላር ገዝቼ ልማርበት ወይስ ገና ነኝ?» የሚል ነው። ሞጁላር ማለት ክፍሎቹ (ሞጁሎቹ) ለየብቻ የሚገዙና በገመድ የሚያያዙ ሲንተሳይዘር፣ ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ ነው። ተማርበት፣ ግን አሁን አትግዛው። መማሪያው በነፃ ይገኛል።

ሞጁላር ያስተምራል የሚሉህ ሰዎች አልተሳሳቱም። ተራ ሲንተሳይዘር ውስጥ ድምፁን የሚያመነጨው ኦሲሌተር ድምፁን ከሚያጣራው ፊልተር፣ ፊልተሩ የድምፁን መጠን ከሚቆጣጠረው ቪሲኤ ጋር ከፋብሪካ ተያይዞ ይመጣል። ኪቦርዱን ስትነካ ድምፅ ይወጣል፤ ለምን እንደወጣ ማወቅ አይጠበቅብህም። ሞጁላር ላይ አንድም ነገር አልተያያዘም፣ እያንዳንዱን መንገድ አንተ ነህ በገመድ የምትዘረጋው። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ድምፅ ሲጠፋ ጥፋቱ የአንተ አለማወቅ ይሁን፣ የገመዱ ይሁን ወይስ ገና ያልገዛኸው ሞጁል፣ መለየት አትችልም። ጀማሪ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠረጥረው ሦስተኛውን ነው። ኪስ የሚያራቁተውም እሱ ነው።

ምሳሌ ላሳይህ። ፊልተሩን 200 ኸርዝ ላይ ዘግተኸዋል እንበል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ድምፅ አያሳልፍም። ኖታ በተመታ ቁጥር ፈካ ብሎ እንዲከፈትና እንዲመለስ ስለፈለግህ የኤንቨሎፑን (ኖታ ሲመታ ቮልቴጅ ከፍ አድርጎ የሚመልሰውን ሞጁል) መውጫ በቀጥታ ፊልተሩ ላይ ሰካህ። ኤንቨሎፕ ብዙውን ጊዜ ከ0 ተነስቶ እስከ 8 ወይም 10 ቮልት ይወጣል። ፊልተሩ በአንድ ቮልት አንድ ኦክታቭ የሚከፈት ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ቮልት ፍሪኩዌንሲው እጥፍ ይሆናል። 8 ቮልት ሲገባ 200 ኸርዝ ስምንት ጊዜ በእጥፍ አድጎ 51,200 ይደርሳል፤ የሰው ጆሮ ቢበዛ 20,000 አካባቢ ያቆማል። ስለዚህ ፊልተሩ ገና ሲጀምር ወለል ብሎ ይከፈትና ለረጅም ጊዜ ምንም ሲያደርግ አይሰማም፤ መጨረሻ ላይ ድንገት ጥርቅም ይላል። ሰውየው «ይሄ ፊልተር አይረባም» ብሎ ሌላ ያዛል። የጎደለው ግን አቴንዌተር ነው፣ ቮልቴጅ የሚቀንስ አንድ ማዞሪያ። 8ቱን ወደ 3 ብታወርደው 200 ኸርዝ እስከ 1,600 ይከፈትና ይመለሳል፤ ስትፈልገው የነበረው «ዋው» የሚል ድምፅ እሱ ነው።

ቪብራቶም (የድምፅ መንቀጥቀጥ) ላይ ያው ነው። ከኤልኤፍኦ፣ ቀስ ብሎ ከሚወዛወዘው ኦሲሌተር፣ የሚወጣው ሞገድ በተለምዶ ከዜሮ 5 ቮልት ወደ ላይና 5 ቮልት ወደ ታች ይወዛወዛል። እሱን ሳትቀንስ ኦሲሌተሩ ፒች (የኖታ ከፍታ) ላይ ብትሰካው ድምፁ አምስት ኦክታቭ ወደ ላይ፣ አምስት ወደ ታች እየሮጠ እንደ አምቡላንስ ይጮሃል። ግማሽ ሴሚቶን ብቻ እንዲንቀጠቀጥ የሚያስፈልግህ 0.04 ቮልት ያህል ነው፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት የምትሠራውን ሥራ በማዞሪያ መሥራት ይህን ያህል ስስ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ቪሲቪ ራክ በሚባል፣ ሞጁላርን ኮምፒውተር ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም ያለ አንድ ሳንቲም መለማመድ ትችላለህ። ነፃው ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ይሠራል። የሚከፈልበት ዋናው ልዩነቱ ሌላ የሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ እንደ ፕለጊን መግባቱ ስለሆነ ለአሁን እርሳው። ስትከፍተው ራሱ አያይዞ የሚያቀርብልህን ፓች (የገመድ አያያዝ) ደምስሰውና ከባዶ ጀምር፤ ማያያዙ ራሱ ነው ትምህርቱ። ኪቦርድህን በዩኤስቢ አገናኝ። ሚዲን (የኪቦርዱን ዲጂታል መልእክት) ወደ ቮልቴጅ ከሚቀይረው ሞጁል የፒቹን ገመድ ወደ ኦሲሌተሩ፣ የጌቱን (ቁልፍ መነካቱን የሚናገረውን) ገመድ ወደ ኤንቨሎፑ ስደድ። የኦሲሌተሩን የመጋዝ ጥርስ ሞገድ ወደ ፊልተሩ፣ ከፊልተሩ ዝቅተኛውን የሚያሳልፈውን መውጫ ወደ ቪሲኤ፣ ቪሲኤውን ወደ ድምፅ መውጫው። ኤንቨሎፑ ቪሲኤውን እንዲከፍትና እንዲዘጋ የመጨረሻዋን ገመድ ስካ። ስድስት ገመድ ነው። ግራና ቀኝ እንዲሰማህ ከቪሲኤው አንድ ገመድ ጨምር።

አሁን አበላሸው። የኤንቨሎፑን ገመድ ከቪሲኤው ንቀል፤ እጅህን ከኪቦርዱ ብታነሳም ድምፁ አያቆምም፣ ምክንያቱም እዚያ ያለው ቪሲኤ ገመድ ካልተሰካበት ክፍት ነው። ብዙ እውነተኛ ቪሲኤዎች ደግሞ ተቃራኒ ናቸው፤ ቮልቴጅ ካልመጣላቸው ዝግ ሆነው ጭጭ ይላሉ። ቀጥለህ ኤንቨሎፑን ፊልተሩ ላይ ሰክተህ ምንም ለውጥ ካልሰማህ አትደንግጥ፣ ከቀዳዳው ጋር የምትሄደው ትንሿ ማዞሪያ ዜሮ ላይ ሆና ነው። ስኮፕ የሚባለውን ሞጁል አውጥተህ እያንዳንዱን ገመድ በዓይንህ እየው። እውነተኛው ሳጥን ውስጥ ይህን የሚያሳይህ የለም፣ ለብቻው ካልገዛህ በቀር።

ወደ ፒች ስትመለስ የምትሠራት ሌላ ልምምድ አለች። አንድ ኦክታቭ 1 ቮልት ከሆነ አንድ ሴሚቶን የቮልት አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ 0.083 ገደማ ነው። ከሲ ብትነሳ ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነውና በቮልት 0፣ 0.167፣ 0.333፣ 0.583 እና 0.75 ይሆናል። ቮልቴጁን ወደ ቅርቡ ኖታ የሚያስጠጋው ኳንታይዘር የሚባለው ሞጁል ላይ እነዚህን አምስቱን ብቻ ክፍት አድርገህ የዘፈቀደ ቮልቴጅ ብታስገባለት፣ የማያልቅ ትዝታ ይጫወትልሃል። (ዜማ አይሆንም፣ ዜማ የሚያደርገው ሰው ነው። ግን ቮልቴጅ ማለት ኖታ መሆኑ ከዚያ በኋላ አይጠፋህም።) አናሎግ ኦሲሌተር 20 ሚሊቮልት ሲስት ሩብ ሴሚቶን ያህል መሳቱም የሚገባህ ያኔ ነው፤ ከመጫወትህ በፊት 20 ደቂቃ ያህል አብርተህ የምታሞቀው ለዚህ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ። ዛሬ ገበያውን የያዘው ዩሮራክ የሚባለው የሞጁል መጠን ደረጃ ነው፣ የጀርመኑ ኩባንያ ዶፕፈር በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አጋማሽ ያስጀመረው። የሞጁሉ ከፍታ 128.5 ሚሊሜትር ነው፣ ስፋቱ ኤችፒ በሚባል መለኪያ ይቆጠራል፤ 84 ኤችፒ ሳጥን 43 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ድምፅ በደንብ ለማውጣት ኦሲሌተር፣ ፊልተር፣ ሁለት ቪሲኤ፣ ሁለት ኤንቨሎፕ፣ ኤልኤፍኦ፣ ሚክሰር፣ የሚዲ መቀየሪያና መውጫ ያስፈልግሃል። በዚያ ላይ ሳጥኑ ከነፓወር ሰፕላዩና ሃያ ያህል ገመድ። 1,000ህ እዚሁ ያልቃል፤ በእጅህ የሚቀረው በአንድ ጊዜ አንዲት ኖታ ብቻ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። አንተ የኪቦርድ ሰው ነህ፣ አራት ኖታ ያለው ኮርድ ለመያዝ አራት ኦሲሌተር፣ አራት ቪሲኤ እያልክ ትሄዳለህ። ፓቹም ሴቭ አይደረግም። ገመዱን ስትነቅል ድምፁ ሄደ፣ የሚተርፍህ በስልክ ያነሳኸው ፎቶ ነው።

እቃውም ይሰበራል። ሞጁሉን ከፓወሩ ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ገመድ አንድ ጠርዙ ቀይ ነው፤ ቀዩ የሚሄደው ኔጋቲቭ 12 ቮልት ወዳለበት ጎን ነው። ቀይ ሲያይ «ፖዘቲቭ» ብሎ ገልብጦ የሰካ ሰው፣ መከላከያ የሌለው ሞጁል ከሆነ ባበራ ቅጽበት ያቃጥለዋል። ሳይጠፋ መሰካትም ያው ነው። የእያንዳንዱን ሞጁል ሚሊአምፒር ደምር፣ የፖዘቲቩን ለብቻ፣ የኔጋቲቩን ለብቻ፤ ከፓወሩ አቅም ሩብ ያህል ትርፍ ይኑር። ከሞላ አንዳንዱ ሞጁል ሳይነሳ ይቀራል፣ ኦሲሌተሩም ይንሸራተታል፣ አንተ ግን ፓቹን ነው የምትወቅሰው። ሌላው፣ ውስጥ ያለው ሲግናል ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ቮልት ገደማ ነው። ያለ መውጫ ሞጁል በቀጥታ ኢርፎን ላይ እንዳትሰካው፣ ጆሮህን ነው የሚጎዳው።

እጅህ እቃ መንካት ካማረው መሃል መንገድ አለ፣ ሰሚ ሞጁላር። እንደ ሞግ ማዘር 32 ያለው ውስጡ ተያይዞ ስለሚመጣ ያለ አንድ ገመድ ይጮሃል፤ 32 ቀዳዳ አለው፣ አንዳንዶቹ ላይ ገመድ ስትሰካ የውስጡ መንገድ ተቋርጦ የአንተ ይተካል። ግራ ሲገባህ ሁሉንም ነቅለህ ወደሚሠራው መመለስ ትችላለህ። ለተማሪ ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው። ኮርግ ኤምኤስ 20 ሚኒም ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ግን ፒቹን የሚቆጥረው በቮልት በኦክታቭ ሳይሆን በኸርዝ በቮልት ስለሆነ በኋላ ዩሮራክ ስትገዛ በቀጥታ አይናበቡም። አገር ቤት ከሆንክ ደግሞ አንድ እቃ ማስገባትና አሥር ትንንሽ ሞጁል በየጊዜው ማስመጣት አንድ አይደለም፤ የመላኪያውና የቀረጡ ሂሳብ ለየብቻ ነው፣ የተበላሸ መመለሱም እንደዚያው።

ሳጥን መግዣው ጊዜ መድረሱን በዚህ እወቀው፦ ቪሲቪ ላይ ሠርተህ ሦስት ወር ያልሰለቸህ ፓች ይኑርህ፣ በውስጡ ያሉትን ሞጁሎች በስም ቁጠር፣ ኤችፒያቸውንና ሚሊአምፒራቸውን ደምር። የምትገዛው እነሱን ነው። ሱቅ ላይ ዓይንህን የሚስበው አዲስ ኦሲሌተር ይቆይ፤ ለቪሲኤና ለአቴንዌተር ቅድሚያ ስጥ። ማንም ፎቶ የማያነሳቸው፣ ሳጥኑ ውስጥ ግን ቶሎ የሚያልቁት እነሱ ናቸው።