ሲክል ሴልና የዘረመል ሕክምና፦ የአንባቢ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ታዳጊ የሆነችው የእህቴ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በሲክል ሴል ትሠቃያለች። ሕመሙ ሲነሣባት ሆስፒታል ተኝታ ትታከማለች። ይህ በሽታ ዘረመልን በማረም እንደሚድን ሰማን። እውነት ነው? ከዳነችስ ወደፊት የምትወልዳቸው ልጆች ከበሽታው ነጻ ይሆናሉ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሰሙት በመሠረቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሕክምናው በአንድ መርፌ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ቤተሰቡ ከመወሰኑ በፊት ልጅቷ የምታልፍበትን ሂደት በዝርዝር ማወቅ አለበት።

የበሽታው መነሻ ሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) የሚሠራበትን መመሪያ በያዘ ዘረመል ላይ ያለ የአንዲት ፊደል ስሕተት ነው። በዚህ የተነሣ ቀይ የደም ሕዋሳት ኦክስጅናቸውን ሲለቁ እንደ ማጭድ ይጎብጡና ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋሉ፤ ያ ከባድ ሕመም የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ጽንስ ሳለን የነበረን ሄሞግሎቢን ግን ይህ ስሕተት የለበትም፤ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ የማይታይባቸውም ስለዚህ ነው። ከተወለድን በኋላ ቢሲኤል11ኤ የተባለ ዘረመል የጽንሱን ሄሞግሎቢን ምርት ያፍነዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ በብሪታንያ፣ ቀጥሎም በአሜሪካ ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ሕሙማን የተፈቀደው ካስጌቪ የተባለ የዘረመል ሕክምና፣ ክሪስፐር በተባለው የዘረመል መቁረጫ ደም በሚያመነጩት ሕዋሳት ውስጥ ይህን አፋኝ ዘረመል ያዳክመዋል። ብዙ ሰው የተሳሳተችው ፊደል ራሷ የምትታረም ይመስለዋል፤ እርሷ ግን በቦታዋ ትቀራለች፣ ሥራዋን የሚሸፍን ጤናማ ሄሞግሎቢን ነው የሚመለሰው። በሕክምናው ሙከራ በቂ ክትትል ከተደረገላቸው 31 ሕሙማን መካከል 29ኙ ቢያንስ ለ12 ተከታታይ ወራት ጽኑ የሕመም ቀውስ አልደረሰባቸውም፤ በየጊዜው ሆስፒታል ሲመላለስ ለኖረ ሰው ይህ ታላቅ ለውጥ ነው።

ሂደቱ ግን ረጅም ነው። በቅድሚያ ለሳምንታት ደም ይሰጣታል፤ ከዚያም ደም የሚያመነጩት ግንደ ሕዋሳቷ በማሽን ከደሟ ተለይተው ይወሰዳሉ፣ አንዳንዴም በቂ መጠን እስኪገኝ ይህ ይደጋገማል። የተወሰዱትን ሕዋሳት በላቦራቶሪ አርሞና መርምሮ ለመመለስ እስከ ስድስት ወር ሊፈጅ ይችላል። የታረሙት ሕዋሳት ከመሰጠታቸው በፊት ቡሱልፋን በተባለ ጠንካራ ኬሞቴራፒ አሮጌው መቅኔ መጽዳት አለበት፤ ፀጉሯ ይረግፋል፣ አፏ ይቆስላል፣ አዲሶቹ ሕዋሳት ሥራ እስኪጀምሩም ኢንፌክሽን እንዳያገኛት ለሳምንታት በሆስፒታል ትቆያለች። ከሁሉ በላይ ትኩረት እንዲሰጡት የምንለምንዎ ቡሱልፋን መካንነት ሊያስከትል መቻሉን ነው። ስለዚህ እንቁላሏን ወይም የእንቁልጢዋን ሕብረ ሕዋስ አቀዝቅዞ ስለማቆየት ከኬሞቴራፒው በፊት ከሐኪሞቿ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል፤ እርሷም በዚህ ውይይት መሳተፍ ይገባታል። በአሜሪካ የተተመነለት ዋጋ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ የሕክምናው ተደራሽነት እጅግ ጠባብ የሆነውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

መቅኔው የሚስማማት ጤናማ ወንድም ወይም እህት ካላት፣ ከዘረመል ሕክምናው በፊት የመቅኔ ንቅለ ተከላን ሐኪሞቿን ይጠይቁ። ይህ መንገድ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ነው፤ በተለይ በልጅነት ሲደረግ ብዙዎችን ፈውሷል።

ስለ ልጆቿ ለጠየቁት፣ የሚታረሙት ደም የሚያመነጩት ሕዋሳት ብቻ ናቸው፤ እንቁላሎቿ አይነኩም። ስለዚህ ብትድንም እያንዳንዱ ልጅ ከእርሷ አንድ የሲክል ሴል ዘረመል ይወርሳል። አባትየው ጤናማ ዘረመል ብቻ ካለው ልጆቹ ተሸካሚ ይሆናሉ እንጂ በበሽታው አይታመሙም፤ እርሱም ተሸካሚ ከሆነ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ሕፃኑ በሽታውን ይዞ የመወለዱ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው፤ ይህንንም ከእርግዝና በፊት በደም ምርመራ ማወቅ ይቻላል።