ለአረንጓዴ ልማት ከሚውለው ወጪ ፌዴራሉ የቱን፣ ክልሉ የቱን ይሸፍናል?

«ለአየር ንብረት ለውጥ የሚሰጠውን ገንዘብ ፌዴራል መንግሥት ከተቀበለው የክልላችን ኃላፊነት ምኑ ላይ ነው?» ብለው ለጠየቁት እህታችን፣ በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ በኋላም በክልል ቢሮ ስሠራ ካየሁት ተነሥቼ ልመልስ።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ስለ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት አጠባበቅ ሕግ የሚያወጣው ፌዴራል መንግሥት ሲሆን፣ በአንቀጽ 52 ደግሞ ያንን ሕግ ተከትሎ የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። አንቀጽ 94 እያንዳንዳቸው በሕግ የተሰጣቸውን ተግባር ወጪ ራሳቸው እንዲችሉ፣ ክልል በውክልና ለሚሠራው ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ እንዲከፍል ይደነግጋል። ስለዚህ ተፋሰስ ማልማትና ደን መጠበቅ በመሠረቱ የክልል ሥራ ነው፤ ትልልቁን የውጭ ገንዘብ ተደራድሮ የሚፈርመው ግን ገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ዓለም አቀፉ የአረንጓዴ አየር ንብረት ፈንድ በ2017 እ.ኤ.አ. ድርቅ ለሚያጠቃቸው ወረዳዎች ያጸደቀው 45 ሚሊዮን ዶላርም በዚሁ ሚኒስቴር በኩል የመጣ ነው።

ገንዘቡ «ቻናል አንድ» በምንለው መንገድ ከተላከ ከሚኒስቴሩ ወደ ክልል ቢሮ፣ ከዚያም ወደ ወረዳ ይወርዳል። ቀጣዩ ክፍያ የሚለቀቀው የቀደመው ሲወራረድ በመሆኑ፣ የጥቂት ወረዳዎች ሪፖርት ሲዘገይ በሰዓቱ ያወራረዱትም አብረው ይጠብቃሉ። የችግኝ ጣቢያ ግን አይጠብቅም። ዘሩና የፕላስቲክ ቱቦው በበጋው መጀመሪያ መገዛት አለበት፤ ተከላው የሚደርሰው ደግሞ ሰኔ 30 ሒሳብ በሚዘጋበት ሰሞን ነው። በሚያዝያ የደረሰ ገንዘብ ለዚያ ክረምት ችግኝ ስለማያደርስ፣ ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ በጥድፊያ ለሥልጠናና ለውሎ አበል ሲውል በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ይህም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚህ የሚብሰው ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ያለው ነው። የጠባቂው ክፍያ፣ የሞተር ሳይክሉ ነዳጅና የፈረሰው እርከን ጥገና ወደ ወረዳው መደበኛ በጀት ይዞራል፤ ያ በጀት ግን አብዛኛው ለደመወዝ የሚያልቅ ነው። ለዓመታት ተከልሎ ያገገመ ተራራ ጠባቂ ባጣ በአንድ በጋ ከብት ይለቀቅበታል። ክልሉ የራሱን ድርሻ መወጣት ያለበትም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሌላው ወጪ ቢዘገይ እንኳ በኋላ ይካካሳል።

ስለዚህ የክልል ምክር ቤት ተወካያችሁን ስታገኙ፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የጥበቃውንና የጥገናውን ወጪ ማን፣ ከየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚከፍል በስምምነቱ ላይ ተጽፎ እንደሆነ ጠይቁ። በጀቱ የሚጸድቀው በአብዛኛው በሐምሌ ስለሆነ፣ ጥያቄው ወረዳዎች ዕቅዳቸውን በሚያቀርቡበት በበጋው ወራት ቢነሣ ይበጃል።